ገቩርትስትራሚነር፦ "ነጭ ወይን አልወድም" ለምትሉ

"ነጭ ወይን አልወድም" የሚል ሐበሻ ሲገጥመኝ የትኛውን ቀምሰህ ነው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። መልሱ ያው የታወቀ ነው፣ ሰርግ ላይ ወይ የሆነ ፕሮግራም ላይ የቀረበ፣ በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ፣ ምንም የማይሸት፣ ሲጠጡት ጥርስ የሚያጠርስ ነገር። እሱን ቀምሶ የጠላ ሰው አይፈረድበትም። ከዛ ደሞ ወይን እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች ጋር ስትቀመጡ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፣ የታጨደ ሳር ይሸታል ምናምን እያሉ ብርጭቆ ሲያሽከረክሩ እናንተ አፍንጫችሁን ብትከቱም ወይን ወይን ከማለት ሌላ ምንም የለም፣ እና አዎ አዎ ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ታልፋላችሁ።

ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁሌ አንድ የወይን ዘር የምመክረው፣ ገቩርትስትራሚነር ይባላል። ስሙ ምላስ ያስራል አውቃለሁ፣ ወይኑ በብዛት በሚሰራበት አልዛስ በሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ ሰዎቹ ራሳቸው አሳጥረው ገቩርትስ ነው የሚሉት፣ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዛ ልበለው። ይሄ ወይን ማሽተት ተማሩ አይልም። ብርጭቆው ገና አፍ ጋ ሳይደርስ ጽጌረዳ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሊቺ የሚባለው ፍሬ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል መሳይ ነገር፣ አንዳንዱ ላይ ማር። አውቃለሁ ባዩም ምንም የማያውቀውም እኩል ይሸተዋል። ሊቺን በልተን ያደግን ብዙ አይደለንም፣ ግን እስያ ሱቅ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል፣ አንዴ ከፍታችሁ አሽትቱትና ወይኑ ጋ ተመለሱ፣ ትስቃላችሁ።

እኔ የምኖረው ደቡብ ጀርመን ፍራይቡርግ አካባቢ ነው፣ ራይን ወንዝን ተሻግሮ ያለችው የአልዛሷ ከተማ ኮልማር ማለት ለኛ ጎረቤት ማለት ነው፣ ስለዚህ ወይኑን ተክሉ ላይ እያለ የማየት እድል አለኝ። መስከረም ላይ ሄዳችሁ ብታዩት መጀመሪያ የምትሉት "ይሄ እንዴት ነጭ ወይን ይሆናል" ነው። ፍሬው ነጭም አረንጓዴም አይደለም፣ ሮዝ ነው፣ በደንብ ሲበስል ደሞ ወደ መዳብ ቀለም የሚሄድ፣ አንዳንዱ ቡናማ የነካካው። ዘለላው ትንሽ ነው፣ መዳፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ፍሬዎቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት። አንዱን ቆርጣችሁ ብትጨምቁት የሚወጣው ጭማቂ ያው ቀለም የለውም፣ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ልጣጩ ወፈር ያለ ነው፣ ስታኝኩት መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል፣ ያቺን መራራነት ያዙልኝ በኋላ እመለስባታለሁ። ጭማቂውን ቶሎ ከልጣጩ ስለሚለዩት ወይኑ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ግን ከሌላው ነጭ ወይን ጠቆር ብሎ ወርቃማ ነው። አሁን አሁን ደሞ ሆን ብለው ከነልጣጩ ለቀናት ወይ ለሳምንታት የሚዘፈዝፉት አሉ፣ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እሱን አልመክርም።

ሽታው ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ጽጌረዳ የሚመስለው በዘፈቀደ አይደለም። ወይኑ ውስጥ ተርፒን የሚባሉ የሽታ ንጥረ ነገሮች በብዛት አሉ፣ ጄራኒዮል፣ ሲትሮኔሎል፣ ሊናሎል የሚባሉት፣ ጽጌረዳ ዘይት ውስጥም ያሉት እነዚሁ ናቸው። ሊቺ ሊቺ የሚያሰኘው በተለይ ሮዝ ኦክሳይድ የሚባል ነው፣ ሊቺው ፍሬ ውስጥም እሱው ራሱ ይገኛል፣ በጣም ጥቂት ብትሆን እንኳን አፍንጫ ይይዛታል። እኛ ደሞ ለነዚህ ነገሮች እንግዳ አይደለንም፣ ሊናሎል ማለት የድምብላል ዋናው ሽታ ነው፣ ብዙ በሶብላ ውስጥም አለ፣ ጄራኒዮል ጠጅ ሳር ውስጥ አለ። እናቱ በርበሬ ስታዘጋጅ አጠገቧ ሆኖ ያደገ ሰው አፍንጫው ሰልጥኗል፣ ወይን ቤት ገብቶ ግን በሌላ ሰው የሽታ ዝርዝር ስለሚፈተን ነው የማያውቅ የሚመስለው። በነገራችን ላይ ጽጌረዳ ስላችሁ ባቱ በግሪን ሀውስ የሚበቅለውን እንዳታስቡ፣ ለኤክስፖርት የሚመረጠው አበባ ቆርጠው ሲያስቀምጡት ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ነው የሚዳቀለው፣ ሽታው እግረ መንገዱን ጠፍቷል። የግቢ ጽጌረዳን አስቡ።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ዘሩ ነው። ጁራ የሚባል የፈረንሳይ አካባቢ ሳቫኛን የሚባል ነጭ ወይን አለ፣ ቫን ዦን የሚባለውን ቢጫ ወይን የሚሰሩበት፣ በርሜል ውስጥ ከላዩ እርሾ እንደ ስስ ሽፋን ተጋርዶበት ቢያንስ 6 ዓመት ከምናምን የሚቀመጥ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጽጌረዳ በዞረበት ያልዞረ። የዘር ምርመራ ሲደረግ ሳቫኛንና ገቩርትስ አንድ ዘር ሆነው ነው የተገኙት! የሩቅ ዘመድ አይደሉም፣ አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸው በቅርንጫፍ እየተባዙ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሄዱ መንገድ ላይ የተፈጠረ ለውጥ ነው። መጀመሪያ ነጩ ፍሬ ሮዝ ሆነ፣ ከዛ ከሮዙ ውስጥ አንዱ ሽታ አወጣ። ሽታውን ያመጣው ተርፒን የሚሰራውን መስመር የሚከፍት አንድ ጂን ላይ የተፈጠረ ትንሽ ለውጥ ነው፣ ሙስካት የሚባለው ሽታም ወይን ላይ ለውጡ እዛው ጂን ላይ ነው፣ ቦታው ብቻ ይለያያል። የማይሸተው ሮዙ ደሞ አልጠፋም፣ አልዛስ ውስጥ ሃይሊገንሽታይን የምትባል መንደር ክሌቭነር ብለው እስከዛሬ ይሰሩበታል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሯ ሹም ነው ያስገባው ይባላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማግኘት ከቻላችሁ ቅመሱ፣ አንድ ጂን ምን ያህል እንደሚያደርግ ምላሳችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ስሙ የመጣው ሰሜን ጣሊያን ደቡብ ቲሮል ውስጥ ካለች ትራሚን ከምትባል መንደር ነው፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ አካባቢ ነው። ዛሬ ግን አገሩ አልዛስ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። አልዛስ ከራይን ወንዝና ከቮዥ ተራራ መሀል የተዘረጋ ጠባብ መሬት ነው፣ በ1871 ወደ ጀርመን፣ በ1918 ወደ ፈረንሳይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገና ወደ ጀርመን፣ ከዛ እንደገና ወደ ፈረንሳይ የሄደ፣ ለዛ ነው ስሙ ጀርመንኛ የሆነ ወይን የፈረንሳይ ኩራት የሆነው። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ተራራው ያስቀረዋል፣ ኮልማር ፈረንሳይ ውስጥ ዝናብ ከሚያንሳቸው ከተሞች አንዷ ናት፣ መኸሩ ረጅምና ደረቅ ነው፣ ፍሬው ሳይበሰብስ ቀስ ብሎ ይበስላል። ገቩርትስ ደሞ ኖራ የተቀላቀለበት ሸክላ አፈር ይወዳል፣ እሱ ላይ ሲተከል ይፈረጥማል። ከአልዛስ የወይን መሬት ወደ አንድ አምስተኛው የሱ ነው። ግራን ክሩ የሚባሉ 51 የተመረጡ ማሳዎች አሉ፣ እነሱ ላይ በዋናነት የተፈቀዱት አራት የወይን ዘሮች ናቸው፣ ሪስሊንግ፣ ፒኖ ግሪ፣ ሙስካትና ገቩርትስ። የሚያስቀው ክሬማን የሚሉት አረፋማ ወይናቸው ውስጥ ግን አይገባም፣ ህጉ አይፈቅድም፣ ሽታው ሌላውን ሁሉ ስለሚውጠው እንኳን አልገባ ባይ ነኝ።

ማብቀሉ ግን ፈተና ነው። ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የሚያዝያ ውርጭ ለጋውን ያገኘዋል፣ አበባው አንዳንዴ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ ምርቱ ትንሽ ነው፣ ለቫይረስም ስስ ነው። ዋናው ራስ ምታት ደሞ መቼ ይለቀም የሚለው ነው። ሽታው ሙሉ የሚሆነው በጣም ሲበስል ነው፣ ግን በጣም በበሰለ ቁጥር ስኳሩ ይወጣል፣ አሲዱ ይወርዳል፣ ስኳሩ አልኮል ሲሆን 14 እና ከዛ በላይ ፐርሰንት ይደርሳል፣ አሲዱ ደሞ መጀመሪያውኑ ትንሽ ነው። ቀድመህ ከለቀምክ ሽታ የለም፣ ዘግይተህ ከለቀምክ ከባድና ሙቅ የሆነ ዘይት የመሰለ ነገር ትጠጣለህ። በጋው እየሞቀ በሄደ ቁጥር ደሞ ያቺ መሀል ላይ ያለችው ትክክለኛ ጊዜ እያጠረች ነው። ጎበዝ አምራች የሚለየው እዚች ላይ ነው፣ ለዛም ነው በርካሹና በጥሩው ገቩርትስ መሀል ያለው ልዩነት ከሌላ ወይን የሚሰፋው።

አሁን ገንዘባችሁን ወደሚያስከስራችሁ ጉዳይ ልምጣ፣ ስኳር። አፍንጫ ጽጌረዳና ማር ሲሸት ጭንቅላት ጣፋጭ ነው ብሎ ይወስናል፣ ምላስ ላይ ሲደርስ ግን ድራይ ሊሆን ይችላል፣ ማለት ስኳሩ የማይታወቅ። ወይም ተቃራኒው፣ ድራይ ይሆናል ብላችሁ ገዝታችሁ ሽሮፕ የመሰለ ይወጣል። ለብዙ ዓመት የአልዛስ ወይን ትልቁ ችግር ይሄ ነበር፣ ጠርሙሱ ያው ቀጭን ረጅም ነው፣ ሌብሉ ያው ነው፣ ውስጡ ያለው እድል ነው። ከ2021 ምርት ጀምሮ ግን ግዴታ ሆኗል፣ ሌብሉ ላይ መጻፍ አለበት። ሴክ ካለ ስኳሩ በሊትር እስከ 4 ግራም ነው፣ ድራይ ማለት ነው። ደሚ ሴክ ካለ ከ4 እስከ 12፣ ሞዋሎ ካለ ከ12 እስከ 45፣ ዱ ካለ ከ45 በላይ። አንዳንዱ አምራች በቃል ፈንታ ከጀርባ መስመር ስሎ ቀስት ያደርግበታል። ዚንድ ሁምብረሽት የሚባለው ቤት ደሞ ህጉ ሳይመጣ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሲጽፍ ነበር፣ 1 ድራይ 5 በጣም ጣፋጭ። ድራይ የሚወድ ሰው ትሪምባክ የሚባለውን ቤት ይሞክር፣ እነሱ ዘንድ ስኳር አይበዛም።

እኛ ሰፈር በብዛት የሚወደደው ሚዲየም ስዊት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አካሲያ የሚባለው ወይን አገር ቤት እንዴት እንደሚሄድ ያየ ሰው አይጠይቅም፣ እና በዚህ የሚያፍርም አለ፣ ጣፋጭ መውደድ አለማወቅ የሚመስለው። ኧረ ተዉት። ደሚ ሴክ ወይ ቀለል ያለ ሞዋሎ ገዝታችሁ ጀምሩ፣ ማንም ምንም አይላችሁም። አልዛስ ውስጥ ትልቁ የክብር ወይን ራሱ ጣፋጩ ነው። ቫንዳንዥ ታርዲቭ የሚሉት ዘግይቶ የተለቀመ ነው፣ ሴሌክስዮን ደ ግራን ኖብል የሚሉት ደሞ ቦትራይተስ የሚባል ሻጋታ የያዘውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀሙ የሚሰሩት ነው፣ ሻጋታው ልጣጩን ስለሚበሳሳው ውሃው ይተናል፣ ውስጡ የሚቀረው ማር ነው የሚባለው። ሁለቱም ከ1984 ጀምሮ በህግ የተወሰነ መስፈርት አላቸው፣ ውድ ናቸው፣ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚጠጡት።

ወይን አዋቂ ነን ከሚሉት ግን ይሄን ወይን የሚንቁት ብዙ ናቸው። ሽቶ ነው፣ ጩኸታም ነው፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ደስ ይላል ሁለተኛው ይሰለቻል ይላሉ። ስለ ርካሹ ከሆነ እውነት አላቸው፣ አሲድ የሌለው ገቩርትስ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ይከብዳል፣ እኔም አልጨርሰውም። ጥሩውን ግን አይመለከትም። ጥሩው ላይ አሲዱ የማይሰራውን ስራ ያቺ ቅድም ያልኳችሁ የልጣጭ መራራነት ትሰራለች፣ ጣፋጩንና ሽታውን መጨረሻ ላይ ቆረጥ ታደርገዋለች፣ አፍ ይጸዳል፣ ሌላ ጉንጭ ያስፈልጋል። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ጥሩ ጠጅ እኮ እንደዚሁ ነው፣ ማሩ ይመጣል ሽታው ይመጣል፣ ብቻውን ቢሆን ይሰለች ነበር፣ ጌሾው ነው ከኋላ መጥቶ የሚያስተካክለው። ጠጅ የሚገባው ሰው ገቩርትስ ለመረዳት አንድ ጉንጭ ይበቃዋል።

ንቀቱን በተመለከተ ደሞ አንድ ነገር ልጨምር። ትራሚን ያለው የገበሬዎች ማኅበር ኤፖካሌ የሚባል ገቩርትስ ይሰራል፣ ጠርሙሱን ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የድሮ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ለዓመታት ነው የሚያስቀምጡት፣ ዋሻው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። የ2009ኙ ዋይን አድቮኬት ከሚባለው የታወቀ መጽሔት 100 ከ100 አገኘ፣ ከጣሊያን ነጭ ወይኖች ይሄን ነጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ እሱ ነው። ሻርዶኔ ከሚባለው የታወቀ ነጭ ዘርም ከምኑም ቀድሞ ማለት ነው፣ ያ የሚናቀው "ሽቶ"። ነጥብ ላይ ብዙም እምነት የለኝም፣ ግን ለተከራካሪ ይጠቅማል።

ወደ ገበታ እንምጣ። አልዛሶች የሚበሉት ሙንስተር ከሚባለው አይባቸው ጋር ነው፣ ላዩ ብርቱካናማ የሆነ፣ ሽታው ክፍሉን የሚያስለቅቅ አይብ፣ ከሙን መሳይ ፍሬ ይነሰነስበታል። ሁለት ጠንካራ ሽታ ተጋጥሞ እኩል ለእኩል ይወጣሉ። የታይና የህንድ ምግብ ጋርም በዓለም ላይ የታወቀ ነው፣ ዝንጅብልና ቅመም ስለሚወድ። ከዚህ ተነስቶ ነው ሰው ሁሉ "ቅመም ላለው ምግብ ገቩርትስ" የሚለው፣ የኢትዮጵያ ሬስቶራንት ሜኑ ላይም ሲጻፍ አይቻለሁ፣ ግን ነገሩ እንዲህ በጅምላ አይደለም።

ቅመምና የሚያቃጥል ነገር ይለያያል። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ድምብላል፣ የተነጠረ ቅቤ፣ እነዚህ የሽታ ቅመሞች ናቸው፣ ከገቩርትስ ጋር እንደ ዘመድ ነው የሚገናኙት። ሚጥሚጣና በርበሬ ውስጥ ያለው ቃጠሎ ግን ሽታ አይደለም፣ ምላስ ላይ ያለውን ትኩሳት የሚለይ ነርቭ ነው የሚነካው፣ አልኮልም የሚነካው እዛው ነው። ስለዚህ 14 ተኩል ፐርሰንት አልኮል ያለው ድራይ ገቩርትስ ሚጥሚጣ በበዛበት ክትፎ ላይ ብትጠጡ እሳቱን ታባብሱታላችሁ፣ ውሃ በሰማይ ያለህ ነው የሚያሰኘው። ስኳር ደሞ ያበርደዋል። ከዚህ የሚወጣው ምርጫ ቀላል ነው፣ ለሚያቃጥል ወጥ ደሚ ሴክ ወይም ቀለል ያለ ሞዋሎ፣ አልኮሉ 13 አካባቢ ወይ ከዛ በታች የሆነ፣ በደንብ የቀዘቀዘ። ድራዩን ለአልጫ፣ ለዓሣ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ላለበት የጾም ምግብ አቆዩት። አተር ክክ አልጫ ከድራይ ገቩርትስ ጋር ስሙኝ ዝም ብላችሁ ሞክሩት፣ እርዱና ዝንጅብሉ ሲገናኘው ያ ቀላል ምግብ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

ዶሮ ወጥ ላይ በተለምዶ የሚከፈተው ቀይ ድራይ ወይን ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን፣ ማለት ያ ድድ የሚያደርቀው ነገር፣ በርበሬ ላይ ሲመጣ ይሻክራል፣ ወይኑም ወጡም ይበላሻል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት ተቁላልቶ ራሱ ጣፋጭ ነው፣ ቅቤና ኮረሪማ አለው፣ ለገቩርትስ የተሰራ ይመስላል። ፋሲካ ላይ እኛ ቤት በጣም የምናከብራቸው አንዲት እናት መጥተው ቀዳሁላቸው፣ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠግተው መለሱት።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ሽቶ ገብቶበታል እንዴ?"

"ኧረ የለም እትዬ፣ ከፍሬው ነው።"

"ምንም አልጨመሩበትም?"

"ምንም።"

ዝም ብለው ከወጡ ጎረሱ፣ ጠጡ፣ እንደገና ጎረሱ። "እስቲ ድገመኝ" አሉ፣ ቀይ ወይኑ እንደታሸገ ዋለ።

ስለ በዓል ካነሳን አይቀር፣ ይሄን ወይን የምትከፍቱ ቀን ዕጣኑን ለቡናው ሰዓት አቆዩት። ቤቱ በዕጣን ጢስ ተሞልቶ ገቩርትስ ማሽተት የማይሆን ነገር ነው፣ ሽቶ ተቀብታችሁም እንደዛው። መጀመሪያ ወይኑና ምግቡ፣ ከዛ ቡናው ከነዕጣኑ።

አገዛዙ ላይ፣ አውሮፓ ላላችሁ ደህና የአልዛስ ገቩርትስ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ባለው ውስጥ ይገኛል፣ ከዛ በታች ያለው ያ የሚሰለቸው ነው ባይ ነኝ። ጀርመን ፋልዝ ውስጥም ጥሩ አለ፣ እዛ ሮት የምትባል መንደር ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ እድሜ ያለው የትራሚነር ተክል ያለበት ትንሽ ማሳ አለ፣ ግንዱ ክንድ የሚያህል የተጠማዘዘ፣ አሁንም ያፈራል። ደቡብ ቲሮል የሚሰራው ባብዛኛው ድራይ ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል። አሜሪካ ላላችሁ ካሊፎርኒያ አንደርሰን ቫሊ የሚባለው ቀዝቀዝ ያለ ሸለቆ በዚህ ዘር የታወቀ ነው፣ ሱፐርማርኬት ላይ በብዛት የምታገኙት ደሞ የዋሽንግተን ስቴቱ ሻቶ ሴንት ሚሼል ነው፣ ጣፈጥ ያለ፣ ርካሽ፣ ለመጀመር አይከፋም። እስራኤል ላላችሁ የጎላኑ ያርደን ገቩርትስ ይሰራል፣ ሃይትስዋይን የሚባለው ጣፋጩ የሚሰራው ከዚሁ ዘር ነው፣ ፍሬውን ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዘው እንዳለ ነው የሚጨምቁት፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲቀር የሚወጣው ጭማቂ ወፍራም ይሆናል። አገር ቤት ካስቴል ባቱ ላይ የተከለው ነጭ ሻርዶኔ ነው፣ ስለዚህ ገቩርትስ የሚገኘው ከውጭ የገባ ከሆነ ብቻ ነው፣ የሚመጣ ሰው ካለ ሻንጣው ውስጥ ልብስ መሀል ጠቅልሎ ያምጣላችሁ።

ስትገዙ የምርት ዓመቱን እዩ፣ ቀላሉን ገቩርትስ በሦስት በአራት ዓመቱ ጨርሱት፣ ሽታው ትኩስ ሳለ ነው ጥሩው። ግራን ክሩውና ጣፋጮቹ ግን አስር ዓመትም ከዛ በላይም ይቆያሉ፣ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ይደበዝዝና ማር፣ የደረቀ ፍራፍሬና ዝንጅብል እየጎላ ይሄዳል። ብርጭቆ ላይ አታስቡ፣ አፉ ጠበብ ያለ ከሆነ በቂ ነው፣ ከግማሽ በታች ቅዱ። ሙቀቱ ግን ወሳኝ ነው። ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ ከቀዳችሁት ሽታው ይተኛል፣ የከፈላችሁት ለሽታው ነው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ተዉት፣ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ከዛ በላይ ሞቆ ከሄደ ደሞ አልኮሉ ነው የሚያወራው፣ እና ጠርሙሱን በየመሀሉ ወደ ፍሪጅ መመለስ ነው። የተረፈውን ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አይሆንም፣ ጣፋጩ ከሆነ ሳምንትም ይቆያል፣ ከቆየ ማለቴ ነው።